አባቴ እጁን ካወረደ በኋላ

ሰው ሁሉ ያገባሁት ቤተ መንግሥቱን ይመስለዋል። በየታክሲው፣ በየፀጉር ቤቱ የእኔ ዕድሜ ከባሌ ዕድሜ ላይ ሲቀነስ ይውላል። ቀንሱ፤ እኔም ቀንሼ አውቀዋለሁ። ባሌ አባቴን በዕድሜ ይበልጠዋል፤ የባሌ ሴት ልጅ ደግሞ እኔን ትበልጠኛለች። ሰዉ ያልገባው ነገር ሰውዬውን ወድጄው ማግባቴ ነው። ዛሬ የማወራው ስለ ተናደድኩበት ቀን ነው፤ እንደምወደው ቀድሜ ካልተናገርኩ ንዴቴ ለማንም አይገባም።

ከማግባቴ በፊት ስሜን የሚያውቅ አልነበረም፤ ፊቴን ግን አገር ያውቀው ነበር። ፕሬዚዳንቱ በቴሌቪዥን ንግግር ሲያደርጉ ከታች ጥግ ላይ፣ በትንሿ ሳጥን ውስጥ ሆና በምልክት ቋንቋ የምታስተረጉመው ልጅ እኔ ነበርኩ። «የጥጓ ልጅ» ይሉኝ ነበር። ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። እናቴ በሕፃንነቴ ስለሞተች ያሳደገኝ አባቴ ነው፤ አባቴ ደግሞ ከተወለደ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም። አፌን የፈታሁት በእጄ ነው።

የአስተርጓሚ ሕግ አጭር ነው። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፤ ተናጋሪው «እኔ» ካለ አንቺም «እኔ» በይ። «እሱ እንዲህ አለ» ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ «እኔ የዚህ አገር ፕሬዚዳንት» ባሉ ቁጥር እኔም ደረቴን እየነካሁ «እኔ የዚህ አገር ፕሬዚዳንት» ስል ኖሬያለሁ። ማታ ቤት ስገባ አባቴ ከሚሠራው ሶፋ ላይ ቀና ይልና «ክቡር ፕሬዚዳንት፣ እስኪ እራቱን አሙቂው» ይለኝ ነበር።

ፍቅሩ እንዴት እንደጀመረ ለሚጠይቁኝ፣ ሰውዬው ይጠብቀኝ ነበር እላለሁ። ሌሎቹ ተናጋሪዎች እንደ ጎርፍ ነው የሚለቁት፤ የጥጓ ልጅ ትድረስ አትድረስ ግድ የላቸውም። እሱ ግን ከባድ ቃል ሲመጣ ዘግየት ይላል። ወረቀቱን የሚያገላብጥ መስሎ በዓይኑ ጥግ ያየኛል፤ እጄ ሲያርፍ ይቀጥላል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የእኛ ወሬ ይሄ ነበር። አገር የሚመራ ሰው ለእኔ ብሎ ሲቆም ልቤ ቀለጠ፤ ምን ልበላችሁ።

ለጋብቻ የመጣው አባቴ ሶፋ የሚሠራበት ቤት ድረስ፣ ስፖንጅና ጨርቅ መሀል ነው። ሌላ አስተርጓሚ ከየት ይምጣ? ለራሴ ጋብቻ ራሴው አስተረጎምኩ። አባቴ በርጩማ ሰጠው፤ እሱ ተቀመጠና «ልጅዎን እወዳታለሁ» አለ። ሕግ ሕግ ነው። ወደ አባቴ ዞሬ «ልጅህን እወዳታለሁ» አልኩ፣ በገዛ እጄ፣ ስለ ገዛ ራሴ። ፊቴ እሳት ሆነ።

አባቴ በከንፈሩ ይዞት የነበረውን ምስማር አንድ በአንድ አውጥቶ አስቀመጠ። ከዚያ መለሰ፤ እኔም በድምፄ አሰማሁለት። «ልጄ ትንሽ ናት። እርስዎ ትልቅ ነዎት። ቤትዎ ደግሞ ከሁለታችሁም ይበልጣል። ግን እርስዎ ሲመጡ ፊቷ ይበራል። ይሄን የምነግርዎ እሷ አፍራ ስለማትነግርዎ ነው።» አፍራ የማትነግረውን ራሷ ነገረችው። ቀጠለ። «አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። በርዎን አይዝጉብኝ። እኔ በስልክ አልሰማ፣ የተጻፈ አላነብ። ልጄን በዓይኔ ካላየኋት አላወራኋትም ማለት ነው።»

«በቤቴ ያለው በር ሁሉ የእርስዎ ነው» አለ ባሌ። «ቃል እገባለሁ።»

«ቃል እገባለሁ» አልኩት አባቴን። በአባቴ ዓይን ፊት ያን ቃል የገባው የእኔ እጅ ነው። ይሄንን ልብ በሉልኝ።

ቤተ መንግሥት ገባሁ። አባቴ ቤት ሰው የሚጠራው ስም በመጥራት አይደለም፤ መብራቱን አጥፍቶ በማብራት ነው። በገባሁ ሰሞን ባሌን ለቁርስ ልጠራው ብዬ የሳሎኑን መብራት ቦግ እልም ባደርገው ጠባቂዎቹ መሣሪያቸውን ይዘው ከአራት ማዕዘን ገቡ፤ ፕሬዚዳንቱን ጠረጴዛ ሥር ከተቱት። ባሌ እዚያው ወለል ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እንደዚያ እየሳቅን የምንኖር መስሎኝ ነበር።

ከዚያ የፕሮቶኮል ሹሙ መጣብኝ። ሽበታም፣ ጨዋ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። «ክብርት እመቤት፣ ሲናገሩ እጅዎን ያሳርፉ። በፎቶግራፍ ላይ የተጣሉ ያስመስላል» አለኝ። እጄን አሳረፍኩ። ለሌላ ሰው እጅን ማሳረፍ ወግ ነው፤ ለእኔ ግን ምላስ መታሰር ነው። ማሽላ እያረረ ይስቃል እንደሚባለው በየግብዣው እያረርኩ ስስቅ ከረምኩ። እፎይ የምለው ቅዳሜ ብቻ ነበር። ቅዳሜ አባቴ ይመጣል።

አንድ ቅዳሜ የውጭ እንግዶች ምሳ ላይ ነበሩ። አባቴ አጠገቤ ተቀመጠና እንደ ልማዱ የወንበሩን ሆድ ከታች በጣቱ ደባበሰው። «ባልሽን ሸውደውታል» አለኝ። «ከላይ ወርቅማ ጨርቅ አልብሰው ከታች ቡትቶ ነው የጠቀጠቁለት። አገሩንም የሚያስጠግነው እነዚህ ጋ ነው?» ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ። አባቴ የገዛ ሳቁን ሰምቶት አያውቅም፤ ስለዚህ ሳቁ ልጓም የለውም። ሹካው ሁሉ ቆመ። ባሌ በከንፈሩ ብቻ ፈገግ አለ፤ እኔም አየሁት።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አባቴ አልመጣም። መጀመሪያ «አባትዎ ሥራ በዝቶባቸዋል» ተባልኩ። ቀጥሎ «ግርግሩ ስላደከማቸው ለጊዜው ይቅርብኝ ብለዋል» አሉኝ። በስልክ እንዳላየው፣ ካሜራ ያለው ስልክ ለጸጥታ ሲባል መኖሪያው ውስጥ አይገባም። እኔ ልሂድ ስል «በእርስዎ አጀብ መንገዱ እየተዘጋ ደንበኛ ሸሸባቸው፤ እባክዎ አይምጡብኝ ብለዋል» አሉኝ። ሆድ ባሰኝ። ያሳደገኝ አባቴ፣ ለሶፋ ደንበኛ ብሎ ልጁን ተዋት? ባሌን ስጠይቀው ሳህኑን እያየ «ተያቸው፣ ሲፈልጉ ይመጣሉ» ይለኛል። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ይሄ ነው። አባቴን ደንቆሮ የሚሉት አሉ፤ እኔ ግን መስማት እየቻለ የማይሰማ ሰው ያየሁት ቤተ መንግሥት ገብቼ ነው።

እንዲህ ሆነን ነው ያ ቀን የመጣው። የቴሌቪዥን ሰዎች ከጠዋት ጀምሮ ትልቁን አዳራሽ በገመድ ሞልተውታል፤ ስለ ፕሬዚዳንቱ ቤተሰብ ፕሮግራም ሊቀርጹ ነው። ለባሌ፣ ለእኔና ለሴት ልጁ ወንበር ተደርድሯል። የአባቴ ወንበር የለም። ለምን ብዬም አልጠየቅኩ፤ ያኮረፈኝ መስሎኝ አኩርፌው ነበርና።

የባሌ ልጅ ዘግይታ ደረሰች። የጥርስ ሐኪም ናት፤ ምላሷ ከመርፌዋ ይወጋል። ሲያሰኛት «እንጀራ እናቴ» እያለች ትቀልድብኛለች። ያን ቀንም እንደዚያው ጠራችኝ፤ ፊቷ ግን ቀልድ አልነበረበትም።

«እንጀራ እናቴ፣ አባትሽን ከውጭው በር አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። ጠባቂውን ብጠይቀው ‹ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ እኛም እንመልሳቸዋለን› ይለኛል። በመኪናዬ ይዣቸው ገባሁ። ሊያስቆመኝ ሲሞክር ጥርስህን ያለ ማደንዘዣ ነው የምነቅልህ አልኩት።»

አባቴ ከኋላዋ ብቅ አለ። የክት ኮቱን ለብሷል፤ ትከሻው ላይ የስፖንጅ ብናኝ አለ። ከስቷል። ሮጬ ላቅፈው ስል እጁን አስቀደመ።

«ልጄ፣ ምን አድርጌሽ ነው?»

«እኔ? አልመጣም ያልከው አንተ አይደለህም?»

«እኔማ በየሳምንቱ በሩ ላይ ነኝ። ሰውዬው ግን እንዲህ ያደርገኛል» አለና የጠባቂውን እጅ አሳየኝ። ዝንብ እንደማባረር ያለ ነው። ያ ምልክት ትርጉም አያሻውም፤ ለውሻም ይገባዋል። አባቴ ዓይኔ እያየ በገዛ ራሱ ላይ ደጋገመው፤ ያልገባኝ መስሎት።

ደሜ ፈላ። የፕሮቶኮል ሹሙ እየተጣደፈ መጣና «ክብርት እመቤት፣ እንግዳው ቀድሞ ያልተነገረላቸው ስለሆኑ…» ማለት ጀመረ።

«እንግዳው? አባቴ እኮ ነው። ሥራ በዝቶበታል ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

ያን ሽበታም ሰው አንተ ብዬው አላውቅም ነበር። አንገቱን ደፋ። «እኔ የታዘዝኩትን ነው ያልኩት።»

«ማን ነው ያዘዘህ?»

 ዓይኑ ባሌ ወደሚዘጋጅበት ክፍል ሄደና ተመለሰ። እኔ ደግሞ ከሰው ፊት ላይ ማንበብን ነው ተምሬ ያደግኩት። ያቺን ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ባሌ መስታወት ፊት ተቀምጦ ፊቱን ዱቄት ይቀባል። ሸሚዙ እንዳይበላሽ አንገቱ ዙሪያ ሶፍት ተሸጉጦለታል። መጀመሪያ ያየው እኔን ሳይሆን በመስታወቱ ውስጥ አባቴን ነው። ገባው። የምትቀባውን ልጅ አስወጣትና ተነሥቶ ቆመ።

«ላስረዳሽ እችላለሁ» አለኝ።

«እኔን አይደለም። እሱን አስረዳው።»

ሄጄ ቦታዬ ላይ ቆምኩ። የአስተርጓሚ ቦታ ከተናጋሪው ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ነው፤ እግሬ ራሱ ያውቀዋል። አባቴ ከፊታችን ሶፋው ላይ ተቀመጠ። የባሌ ልጅ በሩን ዘግታ በጀርባዋ ተደገፈችው። አባቴ እጁን አነሣ፤ እኔም ድምፅ ሆንኩት።

«እኔ ሶፋ ሰሪ ነኝ። ሰው ቤት ሄጄ በጓሮ ግባ ብባል አይከፋኝም፤ ሶፋው በየት በኩል እንደሚያልፍ ስለማውቅ ነው። እርስዎ ግን በርጩማዬ ላይ ተቀምጠው ቃል ገቡልኝ። እኔ ሰው ሲናገር ፊቱን ነው የማየው፤ ያን ቀን ፊትዎ እውነት ነበር። ያ ሰው የት ሄደ?»

ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንደሚያውቁት የመኖሪያው የጸጥታ ሁኔታ፣ እንዲሁም የእንግዶች አቀባበል ሥርዓት…» ይል ጀመር። ሳልጨምር ሳልቀንስ ለአባቴ አደረስኩለት። አባቴ መሀል ላይ አቋረጠኝ።

«ይሄ የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ነው» አለ። «ሌላውን ይጥሩልኝ።»

ይህንንም ለባሌ ነገርኩት። ከበሩ በኩል ልጁ «እሰይ» ስትል ሰማሁ።  ባሌ እንደገና ሲናገር ድምፁ ሌላ ሆነ።

«ቀንቼ ነው» አለ።

እጄ አየር ላይ ቆመ። ሕግ ሕግ ነው፤ ደረቴን ነክቼ «ቀንቼ ነው» አልኩት አባቴን።

«በእርስዎ አላፈርኩም። እሷ እኔ ጋ እጇን አጣምራ ነው የምትቀመጠው። እርስዎ ሲመጡ ትፈታለች። ያን ቀን እንደሳቀችው በቤቴ ስቃ አታውቅም፤ በምን እንደሳቃችሁ እንኳ አላውቅም። አገር ሙሉ ይሰማኛል፤ በገዛ ማዕዴ ላይ ግን እንግዳ ሆንኩ። ‹ይብቃሽ፣ ወደ ቤትሽ ነይ› ቢሏትስ? ፊቴ ላይ ቆመው ቢሏት እንኳ አይገባኝም። ፈራሁ፤ ፈርቼ በሩን ዘጋሁ።»

ይህንንም ሁሉ አስተረጎምኩ። አባቴ መለሰለት።

«ፍርሃቱ ይገባኛል። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ሰዎች አጠገቤ ቆመው ሲያወሩ ስለ እኔ ይሁን ስለ ዝናቡ ሳላውቅ ኖሬያለሁ። ግን ለዚያ ብዬ የማንንም በር አልዘጋሁም። እርስዎ አንድ ቀን ምሳ ላይ እንግዳ ሆኑ። እኔ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እንግዳ ነኝ። አፌን ስከፍት የተጻፈ ይሰጡኛል፤ እጄን ሳነሣ አሳርፊ ይሉኛል። ለገንዘብ ነው ያገባችው ሲሉኝ ዝም አልኩ። ልጁን ታክላለች ብለው ሲስቁብኝ ዝም አልኩ። ማታ አንተ ትመጣለህ፣ ቅዳሜ ደግሞ አባቴ ይመጣል፣ ሁለቱ ይበቁኛል ብዬ። አንዱ ሌላውን ወሰደብኝ። ወስደህም አላበቃህ፤ እሱ የተወኝ አስመሰልክ። አባቴን ጠላሁት እኮ። በር ላይ ቆሞ እንደ ውሻ ሲባረር፣ እኔ እሱን እየጠላሁ አንተን አቅፌ ተኛሁ። ቃሉን ያስገባኸኝ በዚህ እጅ ነው። በገዛ እጄ ነው አባቴን ያስዋሸኸኝ። አሁን በዚህ እጅ ምን ይዤ ዓይኑን ልየው?»

 ባሌ እኔን አይደለም የሚያየው፤ አባቴን ነው።

«እጃቸውን ካወረዱ ቆይቷል» አለኝ ቀስ ብሎ።

ዞሬ አየሁ። የአባቴ እጆች ጉልበቱ ላይ ናቸው። የማንንም በር አልዘጋሁም ካለ በኋላ አላነሣቸውም። በእኛ ሙያ ከዚህ የከፋ ኃጢአት የለም፤ ሰው ያላለውን በሰው ስም መናገር። ዓመታት ሙሉ በአገር ፊት አንዲት ቃል ያልጨመርኩ ሰው፣ ያንን ሁሉ በአባቴ ላይ ጨመርኩ። አባቴ አንዴ የእኔን አፍ፣ አንዴ የባሌን ፊት ሲያይ ቆየና እጁን አነሣ።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን እያልኩ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ነገርኩት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዱንም አላስቀረሁም። ስለ ስድቡ፣ ስለ ዝምታዬ፣ ስለ ተጣመረው እጄ እስከዚያ ቀን ነግሬው አላውቅም ነበር። ጠላሁህ ከሚለው ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። በመጨረሻ ግን ተናገረው። አባቴ እስክጨርስ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም። ስጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

«ደህና ተናግሬያለሁ» አለ። «ግን ይሄ የእኔ አይደለም። የራስሽን በራስሽ ስም ንገሪው። የእኔን እኔ ጨርሻለሁ።»

ባሌ እየጠበቀኝ ነው። እንደ ድሮው ዘግየት ብሎ፣ እጄን እያየ። «ምን አሉ?» አለኝ።

«አላስተረጉምልህም» አልኩት። «ያልሰማኸውን ራስህ ጠይቀው። ከእንግዲህ በእኔ በኩል አታናግረውም።»

በሩ ተንኳኳ። የፕሮቶኮል ሹሙ ነው። «ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ካሜራው ዝግጁ ነው። ክብርት እመቤትም ወንበርዎ…»

«እጇን ልታሳርፍ ሄዳለች በሏቸው» አልኩ።

ባሌ ሁለት እርምጃ ወደ እኔ መጣ። ፊቱ ላይ ያለው ዱቄት በላብ ተሰነጣጥቋል። «ትተሽኝ ነው የምትሄጂው?» አለኝ።

«ከአባቴ ጋር ነው የምሄደው። መንገዱን ታውቀዋለህ። ያለ አጀብ ና። በሩን አታንኳኳ፣ አይሰማህም፤ በሚያይህ ቦታ ቁም። ከዚያ ለምን እንደመጣህ ራስህ ንገረው።»

«ቋንቋውን ሳልችል?»

«እያፈርክ ትናገራለህ። ሲስቁብህ ደግመህ ትላለህ። እሱ ከእናንተ ከምትሰሙት ጋር እንደዚያ ነው የኖረው።»

አባቴ ኮቱን አስተካክሎ ተነሣ። ሳይሰናበት መውጣት አይሆንለትምና ባሌ ፊት ቆሞ ዓይን ዓይኑን አየው። ባሌ ቀኝ እጁን አነሣ። ያ እጅ ለሕዝብ ሲወዛወዝ አስተርጉሜዋለሁ፤ መሐላ ሲፈጽምም አይቼዋለሁ። ደረቱ ላይ ደረሰና ቆመ፤ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ትንሽ ወደ ጎን ሞከረ፣ አፈረ፣ መለሰው። አንገቱ ላይ ሶፍቱ እንደተሸጎጠ ነው። ንግግር አልቆበት የማያውቀው ሰውዬ አንዲት ቃል አጣ። አባቴ አላጣደፈውም፤ ይጠብቀዋል።

የሚፈልገውን ቃል፣ «ይቅርታ»ን፣ አውቀዋለሁ። እጄን ትንሽ ባነቃንቅለት ዓይቶ ይቀዳው ነበር፤ ነገሩም እዚያው ያበቃ ነበር። እጆቼን ከኋላዬ አጥብቄ ያዝኳቸው። ለራሴ ስል አይደለም፤ ቃሉ አሁን ከእሱ ከራሱ እጅ እንዲወጣ ነው። እንደዚያች ሰዓት ወድጄው አላውቅም፤ መውደዴም አናደደኝ።